የጎ አምድ፦ ያልተበላ ጠጠር እንዴት ይሞታል?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፦ ጎ በተባለው፣ ሁለት ሰዎች ጥቁርና ነጭ ጠጠር በየተራ እያስቀመጡ ክልል በሚከብቡበት የሰሌዳ ጨዋታ፣ የትኛው የጠጠር ቡድን በሕይወት እንዳለ፣ የትኛው እንደሞተ፣ ይህንንስ የሚወስነው ማን እንደሆነ። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ በሙሉ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ። ሥዕል ለማስገባት ቦታ ስለሌለኝ ሰሌዳና ጠጠር አጠገባችሁ አድርጉ፤ የምገልጸውን እየደረደራችሁ አንብቡ። 9 በ9 የሆነው ትንሹ ሰሌዳ ይበቃል። 361 መገናኛዎች ያሉት ትልቁ ሰሌዳ፣ 19 በ19 የሆነው፣ ለዚህ ትምህርት ዓይን ከማደናገር በቀር የሚጨምረው የለም።

ጥያቄ፦ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ስንጫወት ሁለታችንም ተራችንን አሳልፈን ጨዋታው እንዳበቃ፣ እሱ አምስት ጠጠሮቼን «እነዚህ ሞተዋል» ብሎ ሰበሰባቸው። ጠጠሮቹ ሁለት መተንፈሻ ነበራቸው፤ ማንም አልበላቸውም። እስካሁን አኩርፌአለሁ። ያልተበላ ጠጠር እንዴት ይሞታል? — *ጥቁር ተጫዋች*

መልስ፦ መበላትና መሞት ለየቅል ናቸው። የተበላ ጠጠር የመጨረሻ መተንፈሻው፣ ማለትም በመስመር የሚነካው ባዶ መገናኛ፣ ተዘግቶ ከሰሌዳው የተነሣ ነው፤ በእሱ ላይ ክርክር የለም። ሞቷል የሚባለው ግን ገና በሰሌዳው ላይ ተቀምጦ የሚታይ ጠጠር ነው። ባለቤቱ ቀድሞ የመጫወት ዕድል ቢያገኝ እንኳ፣ ተጋጣሚው በትክክል እስከመለሰ ድረስ የማይድን ከሆነ ያ ቡድን ሞቷል። ተጋጣሚው ቀድሞ ቢጫወት እንኳ የማይበላ ከሆነ ደግሞ በሕይወት አለ። በመካከላቸው ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ ቀድሞ የተጫወተው ሰው ዕጣውን የሚወስንለት። ጀማሪዎች ሲጣሉ የማየው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሦስተኛውን ረስተው ነው። አንዱ «እኔ ብቀድም ይድናል» ይላል፣ ሌላው «እኔ ብቀድም ይሞታል» ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ተራው የማን እንደሆነ ቢያዩ ጠቡ እዚያው ያልቅ ነበር።

እንግዲህ «ሁለት መተንፈሻ ነበራቸው» የሚለው መከራከሪያዎ አያዋጣም። አሥር መተንፈሻ ያለው ቡድንም ሊሞት ይችላል፤ መተንፈሻ የሚነግርዎት ለመበላት ስንት ጠጠር እንደቀረ እንጂ ማምለጫ መኖሩን አይደለም።

ታዲያ ወንድምዎ ለምን በተራቸው አልበሏቸውም? ምክንያቱ ቆጠራው ነው። በጃፓን ሕግ ነጥብ የሚገኘው ከከበቡት ባዶ መገናኛና ከማረኩት ጠጠር ነው። ወንድምዎ አምስቱን ለመብላት በገዛ ክልላቸው ሁለት ጠጠር ቢያስቀምጡና እርስዎ ዝም ብለው ተራዎን ቢያሳልፉ፣ ሁለት ነጥብ በከንቱ ያጣሉ። ሳይበሏቸው ቢተዋቸው ግን ጠጠሮቹ በጨዋታው ማብቂያ እንደ ምርኮ ይነሣሉ። የቻይና ሕግ የተለየ ነው። እዚያ በሰሌዳው ላይ የቆመ የራስ ጠጠርም ስለሚቆጠር፣ ክልልን በጠጠር መሙላት አያከስርም፤ የተጠራጠረ ሰው እስከ መጨረሻው ተጫውቶ ማረጋገጥ ይችላል። የአሜሪካ ጎ ማኅበር ሕግ ደግሞ ተራውን የሚያሳልፍ ሰው አንድ ጠጠር ለተጋጣሚው በምርኮነት እንዲያስረክብ ያዛል፤ በዚህ መንገድ ጨዋታውን መቀጠል ማንንም አይጎዳም። ብልህ መላ ነው፤ ለጀማሪዎች ከሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው።

ለእናንተ የምመክረው ይህን ነው። በሙት ጠጠር ካልተስማማችሁ ሰሌዳውን ፎቶግራፍ አንሡ። ከዚያ እርስዎ ቀድመው ለማዳን ይሞክሩ፤ ወንድምዎ ይመልሱ። ካልዳኑ ሰሌዳውን ወደ ነበረበት መልሳችሁ ጠጠሮቹን አንሡ። ወንድምዎን የምወቅሳቸው ሳይጠይቁ በመሰብሰባቸው ነው። ሙት ጠጠር የሚነሣው በሁለቱም ተጫዋቾች ስምምነት ነው፤ ስምምነቱ ራሱ የጨዋታው አካል ነው።

ጥያቄ፦ አባዬ «ሁለት ዓይን ያለው ቡድን አይሞትም» ብሎኛል። እኔ ሁለት ዓይን ሠርቼ ተበላሁ። ተሳስቷል ማለት ነው? — *የስድስተኛ ክፍል ተማሪ*

መልስ፦ አባትሽ አልተሳሳቱም፣ ልጄ። ከዓይኖችሽ አንዱ ግን የውሸት ነበር።

ዓይን የምንለው በራስሽ ጠጠሮች የተከበበውን ባዶ ቦታ ነው። መጀመሪያ እውነተኛው ለምን እንደሚሠራ እንይ። ተጋጣሚሽ መተንፈሻ በሌለው መገናኛ ላይ ጠጠር ማስቀመጥ አይችልም፤ የሚፈቀድለት በዚያው ጠጠር የአንቺን የሚበላ ከሆነ ብቻ ነው። አንድ ዓይን ብቻ ካለሽ ውጪውን በሙሉ ዘግቶ ሲያበቃ ዓይኑ ውስጥ ይገባና ይበላሻል። ሁለት ካሉሽ ግን አንዱን ቢደፍን በሌላው ትተነፍሺያለሽ፤ በአንድ ተራ ሁለት ጠጠር ማስቀመጥ ደግሞ አይቻልም። ኒውዚላንድን በመሳሰሉ ጥቂት ሕጎች የራስን ጠጠር መግደል ይፈቀዳል፤ እዚያም ቢሆን የገባው ጠጠር ራሱ ተነሥቶ ይወጣል እንጂ ዓይንሽ አይጠፋም።

አሁን ሰሌዳሽን አቅርቢ። በዳር ባለው የመጀመሪያ መስመር ላይ ከግራ ቆጥረሽ 4ኛውና 6ኛው መገናኛ ላይ ጥቁር አስቀምጪ። በሁለተኛው መስመር 5ኛው ላይም ጥቁር ጨምሪ። በመጀመሪያው መስመር 5ኛው ላይ የቀረው ባዶ ቦታ ዓይን ይመስላል አይደል? አሁን በሁለተኛው መስመር 6ኛው ላይ ነጭ አስቀምጪ። ከዚያ በመጀመሪያው መስመር 7ኛው ላይም ነጭ ጨምሪ። 6ኛው ላይ ያለችው ጥቁር ጠጠር የቀራት መተንፈሻ ያ ዓይን ያልነው ቦታ ብቻ ነው። ልታድኛት ከፈለግሽ ራስሽ ትደፍኚዋለሽ፤ ካልፈለግሽ ነጭ ገብቶ ይበላታል። በሁለቱም መንገድ ዓይኑ ጠፋ።

ስለዚህ ዓይን ስትሠሪ ግራና ቀኙን፣ ላይና ታቹን ብቻ አትመልከቺ፤ በሰያፍ ያሉትን ማዕዘኖችም ቁጠሪ። በሰሌዳው መሐል ከአራቱ ሰያፎች ቢያንስ ሦስቱ የአንቺ መሆን አለባቸው። በዳር ሁለቱም፣ በጥግ ደግሞ ያለችው አንዲቱ። ተጋጣሚሽ እነዚህን ሰያፎች ሊይዝ ሲያንዣብብ ካየሽ አትዘግዪ፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ውስጡ ሰፊ የሆነ ቡድን ሲኖረኝ ዓይኖቹን አሁኑኑ መሥራት አለብኝ ወይስ ይቆይ ብዬ ሌላ ቦታ ልጫወት? ስንት ባዶ ቦታ ይበቃል? — *በየጨዋታው የሚጨነቀው*

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣልኝ ደስ ይለኛል፤ የጎ ጣዕሙ ያለው እዚህ ነውና። ወሳኙ ከቦታው ብዛት ይልቅ ቅርጹ ነው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ቡድንዎ ውጪው ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ፣ ውስጡ ባዶው ብቻ የቀረ ሲሆን ነው።

ሁለት ባዶ ቦታ አንድ ዓይን ነው፤ አይከራከሩበት። ሦስት ከሆነ፣ ቀጥ ያለም ይሁን የታጠፈ፣ መካከለኛዋ ነጥብ ትወስናለች። ይደርድሩት፦ በሁለተኛው መስመር ከ3ኛው እስከ 7ኛው ድረስ አምስት ጥቁር፣ በመጀመሪያው መስመር 3ኛውና 7ኛው ላይ አንድ አንድ ጥቁር። በመጀመሪያው መስመር 4፣ 5 እና 6 ባዶ ናቸው። ጥቁር 5ኛው ላይ ከተጫወተ 4 እና 6 ሁለት ዓይኖች ሆኑ፤ ዳነ። ነጭ 5ኛው ላይ ከገባ ግን ጥቁር ቢበላውም የሚያገኘው አንድ ዓይን ነው። ለነጭም ለጥቁርም ጥሩዋ ቦታ አንዲት ነጥብ መሆኗን ልብ ይበሉ፤ በሞትና ሕይወት ጥያቄ ላይ የተጋጣሚዎን ምርጥ ቦታ መፈለግ ብዙ ጊዜ የራስዎን ያሳይዎታል።

አራት ላይ ሲደርሱ ነገሩ ይለያያል። ቀጥ ያለ አራት በሕይወት አለ፤ ነጭ ከሁለቱ መካከለኛ ነጥቦች አንዱን ቢይዝ እርስዎ ሌላውን ይይዛሉ። ጫፉ የታጠፈ አራትም ጥግ ላይ ካልሆነ እንዲሁ። እዚህ ላይ ሳይጠየቁ ተጨማሪ ጠጠር ማስቀመጥ ተራን መጣል ነው፤ ፊርማዎ ላይ «የሚጨነቀው» ስላሉ እንዲህ እንደሚያደርጉ እገምታለሁ። ይተዉት። ሦስት ተደርድረው አራተኛው በመካከለኛው ጎን የተለጠፈበት ቅርጽ ግን መሐሉ ላይ ያላት ነጥብ ወሳኝ ናት፤ የቀደመ ይወስዳል። ሁለት በሁለት የሆነው አራት ማዕዘን ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። እርስዎ ቢቀድሙ እንኳ የታጠፈ ሦስት ይቀርዎታል፤ ነጭ መታጠፊያው ላይ ገብቶ ይጨርስዎታል። ስለዚህ እንደዚያ ሆኖ የተዘጋ ቡድን ከወዲሁ ሞቷል፤ ለማዳን አንዲትም ጠጠር አይጨምሩበት።

አምስት ሲሆን አደገኛዎቹ ሁለት ናቸው፦ መስቀልና፣ አራት ማዕዘን ሆኖ አንድ ቦታ የተቀጠለበት። በሁለቱም ላይ አንዲት ወሳኝ ነጥብ አለች። ስድስት ሲሆን አራት ማዕዘን መሐሉን ይዞ ሁለት ጆሮ ያበቀለው ቅርጽ ብቻ ያሰጋል። ሁለት በሦስት የሆነው ስድስት መሐል ላይም ዳር ላይም በሕይወት አለ፤ ጥግ ላይ ግን የውጭ መተንፈሻ ካነሰው ችግር ይገጥመዋል። ከዚያ በላይ ከሆነ በተለምዶ እፎይ ማለት ይቻላል።

እነዚህን ቅርጾች በቃል መያዝ ሌላም ጥቅም አለው። ሁለት የተከበቡ ቡድኖች ማን ቀድሞ ይበላል ብለው ሲሽቀዳደሙ ትልቅ ዓይን ያለው ከሚታሰበው በላይ ዕድሜ አለው። ተጋጣሚው ዓይኑን ለመሙላት የሚያስገባቸው ጠጠሮች በየመሐሉ ስለሚበሉ እንደገና መግባት አለበት። ባለ ሦስት ቦታ ዓይን 3 መተንፈሻ፣ ባለ አራት 5፣ ባለ አምስት 8፣ ባለ ስድስት 12 መተንፈሻ ያህል ዋጋ አለው። ሽቅድምድሙ ውስጥ እያሉ ይህን ከመጀመሪያ ለማስላት መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ አራቱን ቁጥሮች ይሸምድዷቸው።

በሁለተኛው መስመር ላይ እየተሳቡ ለሚጫወቱም አንድ ቁጥር ልጨምር። ከጥግ ርቆ በዳሩ መሐል፣ በሁለተኛው መስመር የተደረደሩ ስድስት ጠጠሮች ከተከበቡ ይሞታሉ፤ ስምንት ከሆኑ ይኖራሉ፤ ሰባት ከሆኑ ተራው ይወስናል። ጥግ ላይ ዳሩ ራሱ ስለሚያግዝ አራት ይሞታሉ፣ ስድስት ይኖራሉ።

ጥያቄ፦ ተጋጣሚዬ ክልሌ ውስጥ ሙት ጠጠሮቹን እየጨመረ ያናድደኛል። ለእያንዳንዱ መመለስ አለብኝ?

መልስ፦ «አሁን ባልመልስና እሱ አንድ ጊዜ ቢደግም ምን ይሆናል?» ብለው ያስሉ። ምንም ካልሆነ አይመልሱ። ደግሞም አይናደዱ፤ ሙት ጠጠር ሥራ ፈት አይደለም። የኮ ትግል (አንድ ጠጠር በየተራ የሚበሉበት፣ ግን ሌላ ቦታ ሳይጫወቱ ወዲያው መልሶ መብላት የሚከለከልበት ፍጥጫ) ሲነሣ፣ ተጋጣሚን ሌላ ቦታ እንዲመልስ የሚያስገድድ ማስፈራሪያ ሆኖ ያገለግላል፤ አጠገቡ ያለ ግድግዳዎ ሲደክም ከውስጥ ይቆነጥጥዎታል።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ዓይን የሌለን፣ ሁለታችንም የተዘጋን ቡድኖች ይዘን ተፋጠጥን። የቀረው ሁለት የጋራ መተንፈሻ ብቻ ነው። እኔ ብገባ እሷ ትበላኛለች፤ እሷ ብትገባ እኔ። ማን ሞተ?

መልስ፦ ማንም። ይህ ሴኪ ይባላል፤ ሁለታችሁም በሕይወት አላችሁ፣ ቀድሞ የነካ ይሞታል። እንዳለ ትታችሁት ሌላ ቦታ ተጫወቱ። ቆጠራ ላይ በጃፓን ሕግ በሴኪ ውስጥ ላለ ክልል ነጥብ አይሰጥም፤ በቻይና ሕግ ጠጠሮቹም፣ ካሉ ዓይኖቹም ይቆጠራሉ። አንዳችሁ ዓይን ቢኖረው ኖሮ ግን ሌላ ታሪክ ነበር። በእንዲህ ያለው ፍጥጫ ባለዓይኑ የጋራውን መተንፈሻ ሳይፈራ መዝጋት ይችላል፤ ዓይን የሌለው ግን አይችልም።

ሴኪ መስሎ ሴኪ ያልሆነ አንድ ቅርጽ መኖሩንም ልንገርዎት፤ በጥግ የታጠፈ አራት ይባላል። ከባቢው በፈለገው ሰዓት ኮ ማስነሣት ይችላል፣ የተከበበው ግን ምንም ማድረግ አይችልም። ከባቢው በጨዋታው ማብቂያ የተጋጣሚውን የኮ ማስፈራሪያዎች ሁሉ አንድ በአንድ ካጠፋ በኋላ ቢጀምረው ይበላዋል። ስለዚህ የጃፓን ሕግ ሳያጫውት «ሞቷል» ብሎ ይፈርዳል። የቻይና ሕግ «ተጫወቱትና አሳዩን» ይላል፤ በሌላ ቦታ ሊጠፋ የማይችል ማስፈራሪያ ካለ ውጤቱ ሊለወጥ ይችላል። እኔ የቻይናውን እመርጣለሁ። በሕግ መጽሐፍ ከሚሞት በሰሌዳ ላይ ሲሞት የተሸነፈውም ሰው ይገባዋል።

ጥያቄ፦ አሁን ኮምፒውተር ከሰው በልጧል። የትኛው ቡድን እንደሞተ ማሽኑ ከነገረኝ እኔ ማስላት ለምን እማራለሁ?

መልስ፦ በመጋቢት ወር 2016 እ.ኤ.አ. አልፋጎ የተባለው ፕሮግራም የኮሪያውን ሊ ሴዶልን በሴኡል 4 ለ 1 ከረታ ወዲህ ይህ ጥያቄ አይጠፋም። ግን ከዚያ በኋላ የሆነውንም ይስሙ። በ2023 እ.ኤ.አ. ኬሊን ፔልሪን የተባለ አሜሪካዊ አማተር ተጫዋች፣ በጨዋታው ሰዓት የኮምፒውተር እርዳታ ሳያገኝ፣ ካታጎ የተባለውን ኃይለኛ ፕሮግራም ከ15 ጨዋታ በ14ቱ አሸነፈ። ዘዴውን ያገኙት ተመራማሪዎች ነበሩ፤ የማሽኑን ድክመት የሚፈልግ ሌላ ፕሮግራም ሠርተው። የማሽኑ ጠጠሮች ክብ ቀለበት ሠርተው እንዲቀመጡ ይደረጋል፤ ከዚያ ፔልሪን በሌላ ጥግ እያዘናጋ ቀለበቱን ቀስ ብሎ ይከባል። ማሽኑ ቡድኑ ሊሞት ጥቂት ጠጠር ሲቀረው እንኳ በሕይወት ያለ ይመስለው ነበር።

ቀለበት ለምን አሳሳተው ብዬ ልፈርድ አልችልም። ነገር ግን ቀለበት ለሰውም አስቸጋሪ ነው። ለተማሪዋ የነገርኳትን የሰያፍ ሕግ አስታውሱ፤ ያንን ሕግ የሚያፈርሰው ቀለበት ነው። ጠጠሮችዎ ሁለት የተለያዩ ሰንሰለቶች (በመስመር የተያያዙ ጠጠሮች) ሆነው በክብ ቢቀመጡና የሚገናኙት በሁለት የውሸት ዓይኖች ብቻ ቢሆን፣ ነገር ግን እያንዳንዱ ሰንሰለት ሁለቱንም ዓይኖች የሚነካ ከሆነ፣ ቡድኑ አይሞትም። አንዱ ዓይን ሲደፈን ሁለቱም ሰንሰለቶች በሌላው ይተነፍሳሉና ነጭ በየትኛውም መግባት አይችልም። ሁለት ራስ ያለው ዘንዶ ይሉታል። ዴቪድ ቤንሰን በ1976 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ይህን ሁሉ ወደ አንድ መለኪያ አጠቃሎታል፦ የቡድኑ እያንዳንዱ ሰንሰለት ቢያንስ ሁለት አስተማማኝ መተንፈሻ ክልሎች ካሉት፣ ባለቤቱ ተራውን ለዘላለም ቢያሳልፍ እንኳ ተጋጣሚው ሊበላው አይችልም። የሰያፉ ቆጠራ ለፈጣን ግምት ነው፤ ሲያጠራጥርዎ እያንዳንዱን ሰንሰለት ለየብቻው «አንተ በስንት ዓይን ትተነፍሳለህ?» ብለው ይጠይቁት። ማሽኑን ከጨዋታው በኋላ ያማክሩ፤ በጨዋታው ላይ ግን እርስዎ ነዎት የሚያስሉት።

ጥያቄ፦ ማስላት እንዴት ልለማመድ? ሁለት ተራ ካሰብሁ በኋላ ሁሉ ይደበላለቅብኛል።

መልስ፦ እጅዎን ከጭንዎ ሥር ያድርጉ። ቀልድ አይደለም፤ የማስተምራቸውን ሁሉ እንዲህ አስቀምጣቸዋለሁ። ጠጠር በእጁ የያዘ ሰው ማሰቡን ትቶ ማስቀመጥ ይቸኩላል። ለእርስዎ ከባድ የሆነውን እንቆቅልሽ ትተው መልሱ ወዲያው የሚታይዎትን ቀላል ብዙ ይሥሩ፤ ቅርጹ ከዓይን ሲዋሐድ ሁለቱ ተራ ሳያስቡት አራት ይሆናል። መልሱን ሲያገኙም ወዲያው አያቁሙ፤ ተጋጣሚዎ ሊመልስ የሚችለውን በጣም የሚያስቸግርዎትን ምት ፈልገው ይሞክሩት። የራስን ሐሳብ የሚያፈርስ መልስ ሳይፈልጉ «ገደልኩት» ማለት ምኞት ነው።

እነሆ መጀመሪያ። ከአንድ ጥግ ተነሥተው ይደርድሩ፤ የመጀመሪያው ቁጥር ከግራ፣ ሁለተኛው ከታች የሚቆጠር ነው። ጥቁር በ3-1፣ 3-2፣ 2-2፣ 2-3 እና 1-3 ላይ ነው። ጥጉ ላይ 1-1፣ 2-1 እና 1-2 ባዶ ናቸው። ውጪውን ነጭ በሙሉ ዘግቶታል፤ ተራው የነጭ ነው። የት ገብቶ ይገድላል? በ2-1 ቢገባስ ጥቁር እንዴት ያመልጣል? መልሳችሁን ላኩልኝ፤ ጠጠር ሳትነኩ ያገኛችሁት መሆኑን ግን በእምነት እቀበላለሁ።